ስቶክ ኦን ትሬንትን በቅርስ ቀናት መጎብኘት፦ ቦታ ከማስያዝ እስከ ሲኒ መምረጥ

ስቶክ ኦን ትሬንት ሄደው ቅር ብሏቸው የሚመለሱ ጎብኝዎች ብዙውን ጊዜ ስህተታቸው አንድ ነው፦ የሄዱት ቅዳሜ ወይም እሁድ ነው። በዚያ ቀን ሕንጻው ይታያል፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ አስጎብኚውም አለ። ሸክላ ሠሪዎቹ ግን እቤታቸው ናቸው። ይቺ የእንግሊዝ ከተማ ድሮ ሸክላ ይሠራባት ነበር ተብሎ ብቻ የሚወራላት አይደለችም፤ ዛሬም ሲኒና ሳህን በእጅ የሚያስጌጡ ፋብሪካዎች አሏት። ስለዚህ ጉብኝታችሁን ለሁለት ክፈሉት። ፋብሪካን በሥራ ቀን እዩ፤ በሌላ ጊዜ ተዘግተው የሚከርሙትን ሕንጻዎች ደግሞ ቅዳሜና እሁድ። ሁለቱን ማጣመር የሚቻልበት ምርጥ ወቅት የቅርስ ቀናት ነው።

ቀኑና ክፍያው

የቅርስ ቀናት ያልነው ሄሪቴጅ ኦፕን ዴይስ የሚባለው ዝግጅት በእንግሊዝ ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ በሴፕቴምበር አጋማሽ ይካሄዳል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አስተባባሪው ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ሲሆን፣ ዝግጅቱ ዐሥር ቀን ገደማ ይቆያል። በ2025 ከሴፕቴምበር 12 እስከ 21 ነበር፤ በእኛ ከመስከረም 2 እስከ 11 መሆኑ ነው። እንቁጣጣሽን አክብሮ በማግስቱ መንገድ መጀመር ይቻላል ማለት ነው፤ እንግሊዝ ላሉ ቤተሰቦች ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም።

በዚህ መርሐ ግብር ስር የተመዘገበ ዝግጅት ሁሉ ነጻ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቦታ በዚያው ቀን ነጻ ዝግጅትም የሚከፈልበት መደበኛ ጉብኝትም ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ ግቢውንና አሮጌውን ክፍል በነጻ ያስገቡና የፋብሪካ ውስጥ ጉብኝቱን እንደ ወትሮው ያስከፍላሉ። ቲኬት ከመያዛችሁ በፊት የዝግጅቱን ርእስ ብቻ ሳይሆን ከስሩ ያለውን ማብራሪያም አንብቡ። የሚከፈቱት ቦታዎች ዝርዝርም በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ አምና የተከፈተ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል።

ቦታ ማስያዝ

ዝርዝሩ የሚወጣው በእንግሊዝ በጋ ነው፤ ከኦገስት መጀመሪያ አንስቶ የከተማዋን ስም እየጻፋችሁ በዝግጅቱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ዝግጅቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በሩ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ክፍት ነው ይላል፤ ለዚያ ዝም ብሎ መሄድ ነው። ሁለተኛው በአስጎብኚ የሚመራው ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ክፍሉም ትንሽ ስለሆነ አንድ ዙር ከዐሥራ አምስት ሰው ብዙም አይበልጥም። በመጀመሪያ መያዝ ያለበት ይህኛው ነው።

ሞልቷል ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ነጻ ቲኬት የያዘ ሰው መቅረት አይከብደውም፤ ስለዚህ በዋዜማው ማታ ገጹን እንደገና ክፈቱ፣ ካልሆነም ከመጀመሪያው ዙር ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ በሩ ላይ ቆሙና የቀረ ሰው እንዳለ ጠይቁ። እናንተም ካልሄዳችሁ ቲኬቱን ሰርዙ። አስጎብኚዎቹ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ጡረተኞች ናቸው፤ ዐሥራ አምስት ሰው ጠብቆ ለአራት ሰው ማውራት ያስቀይማል።

ሰዓቱን ስትመዘግቡ ተጠንቀቁ። ለዘመድ በስልክ «ጉብኝቱ 2 ሰዓት ነው» ብላችሁ ካስተላለፋችሁ ከሁለት አንዱ በተሳሳተ ጊዜ ይደርሳል። በጽሑፍ 14:00 ብላችሁ ላኩ።

ስድስት ከተማ እንጂ አንድ አይደለም

ስቶክ ኦን ትሬንት በ1910 ስድስት ከተሞች ተዋህደው የተፈጠረች ናት፤ የሲቲ ማዕረግ ያገኘችው በ1925 ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ተንስቶል፣ በርስለም፣ ሃንሊ፣ ስቶክ፣ ፌንተንና ሎንግተን ናቸው። ባቡር ጣቢያው ያለው ስቶክ የተባለችው ከተማ ጋ ነው፤ የገበያውና የአውቶቡስ ጣቢያው መሐል ከተማ ግን ሃንሊ ነው። ከባቡር ወርዶ «መሐል ከተማው የታለ?» እያለ የሚዞር መንገደኛ ሁልጊዜ አይጠፋም። ሃንሊ በእግር ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ዳገት ነው፤ አውቶቡስ ይሻላል።

ከለንደን ዩስተን በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከማንችስተር ከአንድ ሰዓት በታች፣ ከበርሚንግሃምም አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከጣቢያው በር ስትወጡ የጆሳያ ዌጅውድን ሐውልት ታያላችሁ። በ1730 በርስለም የተወለደውና ሸክላን ከጓሮ ሥራ ወደ ፋብሪካ ካሸጋገሩት ዋናው እሱ ነው።

ምክራችን በአንድ ቀን ከሁለት ከተማ አትለፉ ነው። ስድስቱንም እናያለን ያለ ሰው የሚያየው አውቶቡስ ማቆሚያ ነው። እሁድ ደግሞ አውቶቡሱ ስለሚሳሳ ሁለቱም ይበዛል።

የሥራ ቀን ካላችሁ በርስለም ውስጥ ሚድልፖርት ፖተሪን አስቀድሙ። በ1888 ከቦዩ ዳር የተሠራ፣ በርሌይ የሚባለው ሸክላ እስከ ዛሬ የሚመረትበት ፋብሪካ ነው። ሊዘጋ ሲል በ2011 በልዑሉ፣ በአሁኑ ንጉሥ ቻርልስ፣ በተቋቋመ የሕንጻ እድሳት ድርጅት ተገዝቶ ተረፈ፤ በ2014 ለጎብኚ ተከፈተ። ከሰባቱ ምድጃዎቹ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ጧት ያለውን ዙር ያዙ። በፋብሪካ ሥራ የሚጀመረው በማለዳ ነው፤ ከምሳ በኋላ በተለይ ዓርብ ወንበሮቹ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሰዓቱን ለበርስለም መሐል ከተማ ተዉት፤ በ1907 የተከፈተው የበርስለም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ዌጅውድ ኢንስቲትዩት ፊት ለፊት ናቸው። የታወቁት የሸክላ ንድፍ ሠሪዎች ክላሪስ ክሊፍና ሱዚ ኩፐር የተማሩት በዚህ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው።

ቅዳሜን ለሎንግተን ስጡት። ግላድስቶን ፖተሪ ሙዚየም እንዳለ የተረፈ የቪክቶሪያ ዘመን ፋብሪካ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊፈርስ ሲል ነው የዳነው። ከስቶክ ጣቢያ በደርቢ መስመር ባቡር ዐሥር ደቂቃ ያህል ሄዳችሁ ሎንግተን ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ በእግር ትንሽ ነው። ባቡሩ በሰዓት አንዴ ገደማ ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት ስትወርዱ ፎቶ አንሱት። ዝናብ ከያዘ ሃንሊ ያለው ፖተሪስ ሙዚየም ይሻላል፤ ከሸክላው ክምችት ሌላ በ2009 ከማሳ ውስጥ የተገኘው፣ የስታፎርድሺር ወርቅ የሚባለው ጥንታዊ የአንግሎ ሳክሰን ሀብት ከፊሉ እዚያ ይታያል።

እሁድን የምትጨምሩ ከሆነ ከጣቢያው አጠገብ ወደሚያልፈው ቦይ ውረዱና ዳሩን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚልባቸውን አምስት የውሃ በሮች አልፋችሁ ኤትሩሪያ ትደርሳላችሁ። በ1857 የተሠራው፣ ለሸክላ ሥራ የሚሆን አጥንትና ባልጩት ይፈጭበት የነበረው ወፍጮ ያለው እዚያ ነው። በእንፋሎት የሚንቀሳቀሰው ሞተር የሚነሣው ግን በተወሰኑ የሳምንት መጨረሻዎች ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሳታረጋግጡ አትሂዱ፤ የቆመ ሞተር ማየት ብዙም አይጥምም። ማዕድን የሚወድ ሰው ካላችሁ፣ ቻተርሊ ዊትፊልድ የተባለው የተዘጋ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ብዙ ጊዜ ለሕዝብ የሚከፈተው በእነዚህ ቀናት ነው። በ1937 በብሪታንያ በአንድ ዓመት ሚሊዮን ቶን ለሽያጭ ያቀረበ የመጀመሪያው ማውጫ ሆኗል።

ቦትል ኦቨን ፊት ስትቆሙ

ቦትል ኦቨን የሚባለው፣ ሸክላ ይተኮስበት የነበረው ጠርሙስ የመሰለ የጡብ ግንብ የከተማዋ ምልክት ነው። በደጉ ዘመን ወደ 2,000 ይጠጉ ነበር፤ ዛሬ 47 ያህል ቀርተዋል። ብዙ ሰው ከሩቅ ፎቶ አንስቶት ያልፋል። መግባት ከተፈቀደ ግን ግቡ።

ከውጭ የሚታየው ጠርሙስ ምድጃው አይደለም፤ ጭስ ማውጫና ከለላ ነው። ጭሱን ወደ ላይ ይስባል፣ እሳቱን ከንፋስና ከዝናብ ይጠብቃል። ምድጃው ውስጥ ያለው ሌላ ክብ ክፍል ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ዙሩና ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ከግድግዳው ስር በየርቀቱ ያሉት የእሳት አፎች ናቸው፤ ከሰል የሚጨመረው በእነሱ ነው። ሁለተኛው ምድጃውን እንደ ቀበቶ የታጠቁት የብረት መቀነቶች ናቸው። ጡቡ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ብረቱ ባይዘው በጥቂት ዙር ይበተን ነበር። ሦስተኛው በሩ ነው። ዕቃው ከተደረደረ በኋላ በሩ በጡብ ይዘጋል፣ በጭቃ ይመረጋል፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ይፈርሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር።

ሲኒው እሳት አይነካውም። ሳጋር በሚባል የሸክላ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሳጥኖቹም እስከ ጣራ ይደረደራሉ። ለምን? የከሰል ጭስና አመድ የነካው ነጭ ሸክላ ይበላሻል። የተሞላውን ሳጥን ሠራተኛው በራሱ ላይ ተሸክሞ መሰላል ይወጣ ነበር። አንድ ዙር ከ10 ቶን በላይ ከሰል ይፈጃል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይነዳል፣ ለመቀዝቀዝም ሁለት ቀን ገደማ ይፈልጋል። ባለቤቱ ቸኩሎ ቶሎ ካስከፈተ ቀዝቃዛ አየር ይገባና ሸክላው ይሰነጠቃል፤ ሠራተኛው ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ያንን ሙቀት ተጋፍጦ ያወጣል። አስጎብኚያችሁን ስለዚህ ጠይቁት፤ አብዛኞቹ የሸክላ ሠራተኛ ልጅ ስለሆኑ ሰሌዳ ላይ የማይጻፈውን ይነግሯችኋል።

የ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ እነዚህን ምድጃዎች አስቀራቸው፤ ጋዝና ኤሌክትሪክ ተኳቸው። ለመጨረሻ ጊዜ አንዱ በከሰል የነደደው በ1978 ሎንግተን ውስጥ ነው፤ ያውም እውቀቱ እንዳይጠፋ ለመዝገብ ተብሎ።

ፋብሪካ ውስጥ ምን እንደምትመለከቱ

አስጎብኚው በፍጥነት ስለሚያልፍ ቅደም ተከተሉን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ጭቃው ተበጥብጦ ቀጭን ፈሳሽ ይሆናል፤ ስሊፕ ይሉታል። ማንቆርቆሪያና ጆግ የሚሠራው ይህን ፈሳሽ ከጄሶ በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በማፍሰስ ነው። ጄሶው ውሃውን ይመጥጣል፣ ጭቃው ግድግዳው ላይ ይጋገራል፤ በቂ ሲወፍር የተረፈው ይገለበጣል። ቶሎ ከተገለበጠ ይሳሳና ይጣመማል፣ ከዘገየ ይከብዳል። ጄሶው በተደጋጋሚ ሲሠራበት ጠርዙ ስለሚያልቅ ይጣላል። ቀጥሎ ስፌት የመሰለው መስመር ይፋቃል፣ በስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ይተኮሳል። ቦን ቻይና የሚባለው፣ የአጥንት አመድ ያለበት ነጭ ሸክላ ከሆነ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ወደ 12 በመቶ ይኮማተራል። ቅርጽ ማውጫው ከሲኒው የሚተልቀው ለዚህ ነው።

ሚድልፖርት ላይ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ለማተሚያው ክፍል ነው። ንድፉ በመዳብ ጥቅል ላይ ተቀርጿል፤ ቀለም ይገባበትና በስስ ወረቀት ላይ ይታተማል። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ቆርጣ በሸክላው ላይ ታለብሰዋለች፣ በጠንካራ ብሩሽና በሳሙና አጥብቃ ትፈትገዋለች፣ ከዚያ ወረቀቱ በውሃ ይታጠባል፤ ቀለሙ ይቀራል። እጇን እዩ፦ በጆሮው ዙሪያ ወረቀቱን የምታጥፍበት መንገድ ዓመታት የፈጀ ነው። ሰማያዊውን ሕትመት በዚህ መንገድ በ1784 ገደማ ያሻሻለው ጆሳያ ስፖድ ነው፤ የእሱ ፋብሪካ ቅጥር ከባቡር ጣቢያው ዐሥር ደቂቃ ያህል ይርቃል።

ቦን ቻይና የሚባለው ግማሹ የአጥንት አመድ፣ ሩቡ ካኦሊን የሚባል ነጭ የሸክላ አፈር፣ ሩቡ የኮርንዎል ድንጋይ ነው። አጥንቱ በልማድ የከብት ነው። ይህ የማይመቸው ሰው አጥንት የሌለበትን፣ አርዘንዌር የሚባለውን ሸክላ ይምረጥ፤ በርሌይ አርዘንዌር ነው።

ለፋብሪካ ጉብኝት የተሸፈነ ዝቅ ያለ ጫማ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። መሬቱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ይረጥባል፣ ደረጃውም ቁም ነው። ነጠላና ረጅም ሻርፕ አስገብታችሁ እሰሩት፤ የሚሽከረከር ጥቅል አጠገብ ነው የምታልፉት። ሕፃናት ካሉ ዝቅተኛውን ዕድሜ ጠይቁ፤ በአንዳንድ ቦታ ጋሪም አይገባም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም አስፈቅዱ፤ ገበያ ላይ ያልወጣ ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ሊኖር ይችላል።

በማኅበር ለምትሄዱ

ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር ተሰባስባችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከአንድ ወር ተኩል በፊት በኢሜይል ጻፉ፤ ቁጥራችሁን፣ የስንት ዓመት ሕፃናት እንዳሉና ደረጃ የማይወጣ ሰው ካለ ግለጹ። አስተርጓሚ ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የአንድ ሰዓት ጉብኝት በትርጉም አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አስጎብኚው ያንን ካላወቀ ግማሽ ላይ ለቀጣዩ ቡድን ሲል ያቋርጣችኋል። አስተርጓሚው ከአስጎብኚው ጎን ይቁም፤ በየሦስት አራት ዓረፍተ ነገር እንዲያቆሙም ተስማሙ። ከኋላ ሆኖ በሹክሹክታ መተርጎም ማሽን በሚጮኽበት ክፍል ውስጥ አይሠራም። ለአስጎብኚው ጉርሻ አያስፈልግም፤ የመዋጮ ሣጥን ላይ ጣሉ።

ምሳን በተመለከተ የከተማዋ ምግብ ኦትኬክ ነው፤ ከአጃ ዱቄት በእርሾ ቦክቶ በምጣድ የሚጋገር፣ እንደ እንጀራ የሚጠቀለል ለስላሳ ቂጣ። ዝም ብላችሁ ካዘዛችሁ ቤከን ያለበትን ነው የሚሰጧችሁ፤ የአሳማ ሥጋ የማትበሉ በአይብና በእንጉዳይ በሉ። ለጾመኛ በእንጉዳይ ብቻ ይሠሩታል፤ ሊጡ ውስጥ ወተት እንዳለ ግን ጠይቁ፣ ቤቱ ይለያያል። ኦትኬክ ቤቶች የጧት ሥራ ናቸው፤ ከቀትር በኋላ ብዙዎቹ ይዘጋሉ።

ከፋብሪካው ሱቅ ስትገዙ

በየፋብሪካው ሱቅ ትንሽ እንከን ያለባቸው ዕቃዎች በቅናሽ ይሸጣሉ። እንከን ሁሉ ግን እኩል አይደለም። የሕትመቱ መጋጠሚያ የተዛነፈ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ወይም ከውጭ ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ ግዙት፤ ለዓመታት ያገለግላል። ስንጥቅ ያለበትን ተዉት። ለማወቅ ሲኒውን በመዳፋችሁ አሳርፋችሁ ጠርዙን በጥፍር ምቱት፤ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሳህንን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በአንድ ጣት ጫኑት፤ ከተንገዳገደ ተጣሟል። ጣታችሁን በታችኛው ክብ ጠርዝ አዙሩ፤ ከሻከረ ጠረጴዛችሁን ይፍቃል። ቦን ቻይናን ወደ ብርሃን አቅኑት፤ የጣታችሁ ጥላ ከወዲያ መታየት አለበት።

አሮጌ ዕቃ የምትፈልጉ ከሆነ የከተማው ሰው እንደሚያደርገው ገልብጣችሁ ግርጌውን አንብቡ። ከ1842 እስከ 1883 የተመዘገቡ ንድፎች የአልማዝ ቅርጽ ያለው ማኅተም ሊኖራቸው ይችላል፤ ከ1884 ወዲህ ግን ተራ ቁጥር ነው። ኢንግላንድ የሚል ጽሑፍ የበዛው ከ1891 ጀምሮ ነው፤ አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ በሕግ ስላስገደደች። ሜድ ኢን ኢንግላንድ ካለ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ማኅተሙ ላይ የተጻፈ የቆየ ዓመት ፋብሪካው የተመሠረተበት እንጂ ሲኒው የተሠራበት ላይሆን ይችላል፤ ሻጭ በዚያ ሲያሳምናችሁ አትቸኩሉ።

ለመንገድ ሲኒን በሲኒ ውስጥ አትደርድሩ፤ ጆሮው የሚሰበረው እንዲያ ሲሆን ነው። መጀመሪያ ውስጡን በወረቀት ሙሉት፣ ጆሮውን ለብቻው ጠምጥሙ፣ ከዚያ ሙሉውን ጠቅልሉ። ሳህን ተኝቶ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ ይታሸግ። ወደ አገር ቤት በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከገባ ግን በልብሱ መሐል፣ ከየጎኑ አራት ጣት ያህል ርቆ ይቀመጥ።